ልጃችሁ በጨዋታ መገልበጥ እንዲለምድ እንዴት ትረዱታላችሁ?

ከጀርባው ወደ ሆዱ የሚገለበጥ ህፃን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ይቀድማል፤ ጭንቅላቱ ዓይኑን ይከተላል፤ ከዚያ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ዳሌውን ያዞራል፤ ሌላው ሰውነቱም ይከተላል። እኛ ልንረዳው ስንል ግን የምንይዘው እጁን ነው። እጅ ይዞ መጎተት ትከሻውን ወይም ክርኑን ሊጎዳው ይችላል፤ ልጁም ከዚያ የሚማረው ነገር የለም። ማገዝ ያለብን ዓይኑንና ዳሌውን ነው፤ የቀረውን ራሱ ይጨርሰው።

ብዙ ልጆች በ4 ወራቸው ገደማ ከሆዳቸው ወደ ጀርባቸው፣ በ6 ወራቸው ገደማ ደግሞ በሁለቱም በኩል ይገለበጣሉ። ቅደም ተከተሉ የሚገለባበጥባቸውም አሉ። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ዕድሜው መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርለት። 2 ወር ቀድሞ ከተወለደ፣ 6 ወር ሲሞላው እንደ 4 ወር ልጅ እዩት።

ወለል ላይ ይሁን

አልጋ አይሆንም። ፍራሹ ስለሚሰምጥ ልጁ የሚገፋው ነገር ያጣል፤ መውደቁም አለ። የመጀመሪያ ልጄን አልጋ ላይ ነበር የማጫውታት። «ገና መቼ ተገለበጠች» ብዬ ዳይፐር ላነሳ ዞር ስል ወደቀች። ምንም አልሆነችም፤ ድምፁ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሰሌን ወይም ምንጣፍ ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ አጥፋችሁ አንጥፉ፤ ይበቃል። ጠቅልላችሁት ከሆነ ፍቱት፤ እግሩ ነፃ ይሁን።

ጠብቶ እንደጨረሰ አትጀምሩ፤ ያስመልሰዋል። በጣም የሚመቸው ገላውን ታጥቦ ቅባት ተቀብቶ የሚታሽበት ሰዓት ነው። እናቶቻችን ሲያሹን እጅና እግራችንን የሚያጣጥፉት ለዚህ ጨዋታ ጥሩ መግቢያ ይሆናል፤ ጉልበቱን ቀስ ብላችሁ ወደ ሆዱ እያመጣችሁ መልሱት፤ የገዛ እግሩን ይያዝ፣ ይጫወትበት። እግሩን ይዞ የሚጫወት ልጅ ሳያስበው ወደ ጎን ይወድቃል፤ የመገልበጡ ግማሽ ያ ነው።

ደረጃ በደረጃ

1. በሆዱ አስተኙት። እንቅልፍ ላይ ሳይሆን ነቅቶ እያለ፣ እናንተም አጠገቡ ሆናችሁ። በመጀመሪያ 3 ደቂቃ እንኳን ይበዛበታል፤ ቢያለቅስ አንሱትና ደረታችሁ ላይ በሆዱ አድርጉት፣ ፊታችሁን ለማየት ሲል አንገቱን ያቀናል። የዓለም ጤና ድርጅት ገና መዳህ ላልጀመረ ህፃን የሚመክረው ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ ቢያንስ 30 ደቂቃ ነው።

2. በጎኑ አስተኙት። ፎጣ ጠቅልላችሁ ከጀርባው ደግፉት፣ ሁለቱ እጆቹ ከፊቱ ይገናኙ። ከዚህ ወደ ሆዱም ወደ ጀርባውም መንገዱ አጭር ነው። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ይሁን።

3. ዓይኑን ሳቡ። በጀርባው እንደተኛ የሚወደውን ነገር ፊቱ ላይ አሳዩትና በዝግታ ወደ ጎን፣ ከትከሻው በላይ ውሰዱት። ደማቅ ሻሽ ወይም ትንሽ ሽምብራ የተደረገበት፣ ክዳኑ በደንብ የጠበቀ የውሃ ፕላስቲክ ይሆናል፤ በእናንተ እጅ ብቻ ይንቀሳቀስ፣ ለልጁ አትተዉለት። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የእናንተው ፊትና ድምፅ ነው። በጎኑ በኩል ተኝታችሁ ጥሩት።

4. ዳሌውን አግዙ። ወደ ግራ የሚዞር ከሆነ ቀኝ ጉልበቱን አጥፋችሁ በግራ እግሩ ላይ አሻግሩት፤ ወደ ጎኑ ሲያዘነብል እጃችሁን ዳሌው ላይ አሳርፉና ሳትገፉ ጠብቁ። እዚህ ላይ መታገስ ከባድ ነው። ያቃስታል፣ ይቀላል፣ ይታገላል፤ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ካልሆነለት ትንሽ ጨምሩለት። ካለቀሰ አቁሙ፤ ነገም ቀን ነው።

5. ከሆዱ ሥር የቀረችው እጅ። ከተገለበጠ በኋላ ብዙ ልጅ የሚያለቅሰው በዚህች ነው። እጁን ሳትጎትቱ በዚያው በኩል ደረቱን ከፍ አድርጉለት፣ ራሱ ያወጣታል።

መገልበጥ ሲጀምር

የመጀመሪያውን ሙከራ እንዳያችሁ ለእንቅልፍ ጠቅልሎ ማስተኛት ይብቃ፤ እጁ የታሰረ ልጅ በሆዱ ከሆነ ፊቱን ማንሳት ይቸግረዋል። ማታ ሁልጊዜ በጀርባው አስተኙት፣ ትራስና የላላ ብርድ ልብስ ከአጠገቡ ይነሳ። በሁለቱም በኩል መገልበጥ ከቻለ በኋላ በእንቅልፉ ራሱ ቢዞር መመለስ አያስፈልግም።

6 ወር አልፎት በየትኛውም በኩል ካልተገለበጠ፣ ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ ብቻ ከዞረ፣ ሰውነቱ የደረቀ ወይም የላላ ከመሰላችሁ፣ ወይም ይችለው የነበረውን ካቆመ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በአገራችን አብዛኛው አካባቢ የ14ኛ ሳምንት ክትባት ከተወሰደ በኋላ ቀጣዩ መደበኛ ክትባት 9 ወር ላይ ነው። መገልበጥ የሚጠበቀው ደግሞ በዚያ መሃል ስለሆነ፣ ካሳሰባችሁ የክትባቱን ቀን አትጠብቁ።