እሳት የሚያቀዘቅዘው ስሌት

አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ሚቴን የተባለው ጋዝ ሲቃጠል ሙቀት ይወስዳል ብዬ አረፍኩት። ስሌቱን ጨርሼ፣ ከመልሱ ፊት የመደመር ምልክት አስቀምጬ ዞር ስል ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ታዲያ እሳቱ ለምን ያቃጥላል?» መልስ አልነበረኝም። ስህተቱ የት እንደነበር ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ የተሳሳተ እምነት ከአእምሯችሁ ይውጣ፤ አተሞችን አንድ ላይ የያዘ ትስስር ሲበጠስ ጉልበት ይለቀቃል የሚለው ስህተት ነው። አተሞች የሚተሳሰሩት አብረው ሲሆኑ ጉልበታቸው ዝቅ ስለሚል ነው። እነሱን ማለያየት ምንጊዜም ያስከፍላል፤ ሲገጥሙ ደግሞ ጉልበት ይለቃሉ። እኔ የመጀመሪያውን ወጪ፣ ሁለተኛውን ገቢ እለዋለሁ። ወጪው ከበለጠ ኬሚካዊ ለውጡ ሙቀት ይወስዳል፤ ገቢው ከበለጠ ይለቃል። መቀነሱ ወጪ ሲቀነስ ገቢ ነው፤ ኔጌቲቭ መልስ ማለት ሙቀት ወጥቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሚቴን እንመለስ። ካልኩሌተሩን ተዉትና እርሳስ አንሡ፤ እያንዳንዱን ሞሌኪውል ትስስሮቹን ከሚያሳዩት መስመሮች ጋር ሳሉ። አንድ ሚቴን አራት የካርቦንና ሃይድሮጅን ትስስሮች አሉት፤ እያንዳንዱን ለመበጠስ በሞል (ኬሚስቶች ቅንጣቶችን በሚቆጥሩበት መለኪያ) 413 ኪሎጁል ያስፈልጋል። አብረውት የሚገቡት ሁለት የኦክስጅን ሞሌኪውሎች አንድ አንድ ድርብ ትስስር አላቸው፤ ይህኛው 498 ነው። ወጪው 1652 ሲደመር 996፣ ማለትም 2648 ኪሎጁል ሆነ።

በገቢ በኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለት ድርብ ትስስሮች አሉት፤ 799 በሁለት 1598 ነው። ሁለት የውሃ ሞሌኪውሎች ደግሞ አራት የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ትስስሮች አሏቸው፤ 463 በአራት 1852። ድምሩ 3450 ነው። 2648 ሲቀነስ 3450 ኔጌቲቭ 802 ይሰጣል፤ እሳቱ ያቃጥላል።

እኔ ያን ቀን ውሃውን ሳልስል «ሁለት ውሃ፣ ሁለት ትስስር» ብዬ ነበር። ገቢው ወደ 2524 ወረደና 124 ኪሎጁል የሚወስድ እሳት ፈጠርኩ! ተማሪዎቼም አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት ቆጠራው ላይ እንጂ መቀነሱ ላይ አይደለም።

ሙቀት የሚወስድ እውነተኛ ምሳሌ ከፈለጋችሁ አየሩ ራሱ አለ። ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲሆኑ 945 እና 498፣ በድምሩ 1443 ኪሎጁል ወጪ ይደረጋል፤ የሚመለሰው ሁለት ጊዜ 631፣ ማለትም 1262 ብቻ ነው። 181 ይጎድላል። ናይትሮጅን አተሞቹን ያሰረው በሦስት እጥፍ ትስስር ስለሆነ ወጪው ይከብዳል። ሆኖም የመደመር ምልክት «አይሆንም» ማለት አይደለም፤ በመብረቅ መንገድና በመኪና ሞተር ውስጥ ባለው ኃይለኛ ሙቀት ይህ ለውጥ ይካሄዳል።

እነዚህ የትስስር ጉልበቶች የሚገኙበትን ሰንጠረዥ ስታነቡ ተጠንቀቁ። አብዛኞቹ ቁጥሮች ከብዙ ሞሌኪውሎች የተወሰዱ አማካዮች ናቸው። የካርቦንና ኦክስጅን ድርብ ትስስር በሌሎች ሞሌኪውሎች ውስጥ 745 ገደማ ሲሆን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ግን 799 ነው፤ ተሳስታችሁ የመጀመሪያውን ብትወስዱ 108 ኪሎጁል ያመልጣችኋል። ስሌቱ የሚሠራውም ሁሉም ነገር ጋዝ ሲሆን ነው። ለሚቴን ቃጠሎ ኔጌቲቭ 890 የሚል ቁጥር ካያችሁ የተሳሳታችሁ እንዳይመስላችሁ፤ እዚያ ውሃው ፈሳሽ ነው። የ88 ኪሎጁሉ ልዩነት ሁለት ሞል እንፋሎት ወደ ፈሳሽ ሲመለስ የሚለቀው ሙቀት ነው።