«የት ላይ አቆሙ?» በራስ ገንዘብ ልብ ወለድ ካሳተሙ በኋላ ሂስን እንዴት መቀበል፣ እንዴትስ መበርታት እንደሚቻል

የመጀመሪያ ልብ ወለዴን ደብረ ብርሃን ላይ ባስመረቅኩበት ዕለት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እጃቸውን አነሡ። መጽሐፉን ከሁለት ሳምንት በፊት ገዝተውኝ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙና «ልጄ፣ መጋቢት 12 ቀን የሚያጋባ ቄስ ከየት አገኘህ?» አሉኝ። አዳራሹ ሣቀ። ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ልብ ወለድ ነው፤ የቀን መቁጠሪያ አይደለም» ብዬ መለስኩ። ምንም ሳይሉ ተቀመጡ። ዝግጅቱ ሲያበቃ ወንበራቸው ላይ መጽሐፋቸው ብቻ ቀርቶ ነበር።

ከዚህ በታች የምጽፈውን አብዛኛውን የተማርኩት ከዚያ ከተተወ መጽሐፍ ነው። በራሱ ገንዘብ የሚያሳትም ሰው በእርሱና በአንባቢው መካከል ማንም የለም። አሳታሚ ቢኖረው ከፊሉን ወቀሳ አሳታሚው ይሸከምለታል፤ አርታኢ ቢኖረው ገና በረቂቁ ይመታል። እኛ ግን ከቁጠባችን አውጥተን፣ ከዘመድ ተበድረን ነው የምናሳትመው፤ ስለዚህ መጽሐፉ ሲነካ ቤታችን የተነካ ይመስለናል። ይህን ስሜት ማጥፋት አይቻልም። ሥራ እንዳያበላሽ ማድረግ ግን ይቻላል።

አንደኛ፦ ስሕተቱን በትንሹ ያሳትሙ

ረቂቁን ለሦስት ሰዎች ያስነብቡ። ከሦስቱ አንዱ የሚጽፉለትን ኑሮ በእጁ የሚኖር ይሁን። የመንዝ ገበሬን ታሪክ ከጻፉ ለመንዝ ገበሬ ያንብቡለት፤ ፊደል ባይቆጥርም ጆሮው ይበቃል። ስለ ፊደል ግድፈት እርማት አልናገርም፤ የታወቀ ነው።

የሚያሳትሙትን ብዛት በተመለከተ ግን አቋሜ ጽኑ ነው፦ ዝቅ ያድርጉት። ማተሚያ ቤቱ ብዛቱ ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል ይልዎታል። እውነቱን ነው። ሆኖም ስሕተቱም አብሮ ይባዛል። የመጀመሪያው ሕትመት ጥቂት ከሆነ አንባቢ ያገኘውን እንከን በሁለተኛው ማረም ይቻላል፤ ሂስም የሚታረም ነገር ሲኖር እንደ ፍርድ አይከብድም። ሺሕ መጽሐፍ አልጋ ሥር ደርድሮ የተኛ ሰው ሂስ መስማት አይችልም፤ የሚሰማው ኪሳራውን ነው።

ሁለተኛ፦ ሦስት ቀን አይመልሱ

ወቀሳ ሲሰሙ ቃሉን እንደተነገረ ደብተር ላይ ይጻፉ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይበሉ፣ ያብቁ። በስልክ ሳይሆን በወረቀት ደብተር ይጻፉት፤ ስልክ ላይ የጻፈ ሰው ለመልስ በጣም ቅርብ ነው። ከሦስት ቀን በኋላም መመለስ ያለብዎት ጥያቄ ከሆነ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ አንዲት ጥያቄ ይጠይቁ

ዋናው ይህ ነው፤ እኔን ብዙ ያስከፈለኝም ይኸው ነው።

የመምህሩን መጽሐፍ ቤቴ ወስጄ ሳምንት ሙሉ አልገለጥኩትም። ስገልጠው በቀጭን እርሳስ የተሠሩ ምልክቶች አገኘሁ፣ ሲበዛ በጥንቃቄ፣ ወረቀቱን ላለመጉዳት እንደተጨነቀ እጅ። ገጽ 14 ላይ «ሠርግ»ን በእሳቱ «ሰ» የጻፍኩትን በንጉሡ «ሠ» አርመውታል። ገጽ 33 ላይ አንድ ገጸ ባሕርይ ስሙ ተቀይሮብኝ ነበር፤ ሁለቱን ስሞች በመስመር አያይዘው የጥያቄ ምልክት አድርገውበታል። ገጽ 52 ላይ እናትየው ቡናውን እየቆላች ልጇን የምትጠባበቅበት አንቀጽ ጎን «እሰይ» የሚል ተጽፏል። ገጽ 96 ላይም ሌላ «እሰይ»። እንዲህ እያለ እስከ ገጽ 187 ድረስ ሄዶ ቆመ። ከዚያ በኋላ አንድም ምልክት የለም። መጀመሪያ ወደ መጨረሻው እንከን አላገኙም ብዬ ተጽናናሁ። ገጽ 190 እና 191 ጋ ስደርስ ግን ሁለቱ ቅጠሎች ማተሚያ ቤት ጫፋቸው ሳይቆረጥ እንደተያያዙ ናቸው። አልተከፈቱም። መምህሩ ያነበቡት እስከዚያ ብቻ ነበር።

ገጽ 187 የሠርጉ ምዕራፍ ነው።

በመጀመሪያው ረቂቅ ሠርጉ ጥር ላይ ነበር። በኋላ ሕፃኑ በታኅሣሥ፣ ገብስ በሚወቃበት ሰሞን እንዲወለድልኝ ፈልጌ ሠርጉን ወደ መጋቢት ገፋሁት፤ በሬውን፣ ጠጁንና ጭፈራውን ግን እንዳለ ተውኩት። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፋሲካ የቱንም ያህል ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ መጋቢት 12 ከጾሙ አይወጣም። በዐቢይ ጾም ሥጋ አስቆርጬ ድሬአለሁ ማለት ነው። የሰሜን ሸዋን ባላገር የሚያውቅ ሰው እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን ቢያጥፍ ምን ይፈረድበታል?

ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ተቀየሙኝ ብዬ ፈርቼ ነበር። «ተናድጄ አልነበረም ያቆምኩት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ላምንህ ስላልቻልኩ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አንባቢን «እንዴት አገኙት?» ብዬ አልጠይቅም። የእኛ አገር ሰው ጨዋ ነው፤ ፊት ለፊት ሲጠየቅ «ጥሩ ነው፣ በርታ» ይላል። «በርታ» ሂስ አይደለም፣ ምርቃት ነው፤ እንደ ምርቃት ተቀብለው አሜን ይበሉ። «ወረቀቱ ጥሩ ነው»፣ «ሽፋኑ ያምራል» የሚሉት ደግሞ ሰም ናቸው፤ ወርቁ «አላነበብኩትም» ነው። ይልቅ እንዲህ ይጠይቁ፦ «የት ላይ አቆሙ?» ይህች ጥያቄ ሰውን አታሳፍርም። መጽሐፉን እንዲፈርድ አታስገድደውም፤ ራሱ ያደረገውን ብቻ እንዲናገር ትጠይቀዋለች። አንዱ «ልጅቷ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ አቆምኩ፣ ከዚያ ሥራ በዛብኝ» ይልዎታል። ሌላውም እዚያው አካባቢ ሥራ ከበዛበት፣ የበዛው ሥራ ሳይሆን ምዕራፉ ነው። የገጹን ቁጥር ይጻፉ። ምክንያቱን አይከራከሩ፤ አንባቢ ለምን እንደተሰላቸ ሲያስረዳ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፣ የት ላይ እንደተሰላቸ ግን አይሳሳትም።

አራተኛና አምስተኛ፦ ይለዩ፣ ይመዝኑ

እነዚህን አንድ ላይ አደርጋቸዋለሁ፤ ሲለዩ ነው የሚመዘነው። የሐቅ ስሕተት ከሆነ አንድ ሰው ቢናገረውም በቂ ነው፤ መጋቢት 12 ለማረም ድምፅ አይቆጠርም። መሰላቸት ወይም ግራ መጋባት ከሆነ ሦስት ሰዎች ያንኑ ገጽ እስኪጠሩ ይጠብቁ። የጣዕም ጉዳይ ከሆነ፣ ለምሳሌ «መጨረሻው ባያሳዝን ኖሮ» የሚል፣ አመስግነው ይለፉት፤ መጨረሻው የእርስዎ ነው። የሚወዱት ወንድምዎ ቢናገረው እንኳ አይንኩት። እኔ አንዴ ለወዳጅ ስል አንድ ሞት አስቀርቼ ታሪኩ ሁሉ ተፍታቶብኝ፣ ሟቹን መልሼ እስክገድለው ሁለት ወር ፈጀብኝ።

መጽሐፉን ትቶ የደራሲውን ዘር፣ አገር ወይም ትምህርት የሚያነሣ ሰው ሂስ አልሰጠም። ደብተርዎ ውስጥ ቦታ የለውም።

ስድስተኛ፦ ዝምታን ሂስ አያድርጉት

መጽሐፍዎ አልተሸጠም ማለት አልተወደደም ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ደርሶ ነበር ወይ? እኔ በአደራ የሰጠሁት አንድ ሱቅ ስምንት ወር ሙሉ «አልሄደም» ሲለኝ ብዕሬን ጥዬ ነበር። ማታ ማታ እቀመጣለሁ፣ ወረቀቱን አያለሁ፣ ተነሥቼ እተኛለሁ። አንድ ቀን በጣርማ በር አድርጌ ቁልቁል ወርጄ ሱቁን በዓይኔ አየሁ። ሃያዎቹ መጽሐፎች ጀርባ ክፍል፣ ከስኳር ጆንያ በላይ፣ እኔ ራሴ ያሰርኩበት ሲባጎ ሳይፈታ ተቀምጠዋል። ቋጠሮው የእኔ ቋጠሮ ነው። ስምንት ወር ያዘንኩት ማንም ላላየው መጽሐፍ ነበር።

ስለዚህ ሲያስረክቡ ብዛቱንና ቀኑን የሚገልጽ ፊርማ ይቀበሉ፣ በወሩ በአካል ወይም በሰው ያረጋግጡ። የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ያልደረሰ መጽሐፍ ስለ መሐል ሜዳ አንባቢ ምንም አይነግርዎትም። አሥር መጽሐፍ በአምስት ሱቅ ከመበተን፣ መጽሐፍ ለሚወድ አንድ አዟሪ አሥሩንም መስጠት ይሻላል የሚል እምነት አለኝ፤ አዟሪ የሰውን ፊት ያያል፣ ማን አንሥቶ እንደመለሰው፣ ምን ብሎ እንደመለሰው ይነግርዎታል።

መጽሐፍዎ በፒዲኤፍ ተገልብጦ በቴሌግራም ሲዞር ቢያገኙት መናደድዎ ትክክል ነው። የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል፤ እንዲያወርዱት ይጠይቁ፣ ማስረጃ ያስቀምጡ። ነገር ግን በዚያ መንገድ ያነበበ ሰው «ገጽ 70 ላይ አቆምኩ» ቢልዎት ገጽ 70ን ይጻፉ። የተሰረቀ ቅጂ ያነበበም ዓይን ዓይን ነው።

ሰባተኛ፦ የዘሩን ጎተራ ይለዩ

የእኛ አካባቢ ገበሬ ክፉ ዓመት ቢመጣ እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን የሚነካው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ለሚቀጥለው መጽሐፍ የሚሆን ሁለት ነገር እንዲሁ ለይተው ያስቀምጡ፦ ገንዘብና ሰዓት።

ገንዘቡ ቀላል ነው፤ ከሽያጩ የተወሰነውን ለብቻው ባንክ ያስገቡ፣ ከቤት ወጪ ጋር አይቀላቅሉት። ሰዓቱ ይከብዳል። እኔ የምጽፈው ሥራ ከመግባቴ በፊት ለግማሽ ሰዓት ነው። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ጣት አይታዘዝም። ስለዚህ ማታ ከመተኛቴ በፊት ነገ የምጀምርበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አድራለሁ። ጠዋት ጋቢዬን ተከናንቤ ስቀመጥ የሚጠብቀኝ ባዶ ወረቀት አይደለም። ኮምፒውተር የምከፍተው ምዕራፉ ሲያልቅ ብቻ ነው። በእጅ መጻፍ ይዘገያል የሚሉኝ አሉ፤ ለእኔ የሚያዘገየው ኤሌክትሪክ መጥፋቱ ነው፣ ደብተር ደግሞ መብራት በሌለበትም ይከፈታል።

ሁለተኛውን መጽሐፍ የመጀመሪያው ሳይመረቅ ይጀምሩ። ከምርቃት በኋላ ለመጀመር የሞከርኩት ሁለት ጊዜ አልሆነልኝም፤ ወቀሳው ሁሉ ከእኔ ጋር ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል። የተጀመረ ታሪክ ያለው ሰው ግን ከሂስ ሲመለስ የሚገባበት ቤት አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሂስ ደብተርዎን ከኋላ ገልብጠው «እሰይ» የሚል ገጽ ይክፈቱ። እዚያ የሚገባው ምስጋና ገጽ ያለው ብቻ ይሁን። «ጎበዝ ነህ» አይገባም፤ «ቡናውን የምትቆላበት ቦታ እናቴን አስታወሰኝ» ይገባል፣ ከገጽ ቁጥሩ ጋር። ብዕር ሲከብድዎ ያን ይክፈቱ።

የመጨረሻው፦ የማረሚያ ቅጂ

ከመጀመሪያው ሕትመት አንዱን መጽሐፍ አይሽጡት። በሽፋኑ ውስጥ «ማረሚያ» ብለው ይጻፉበትና ከደብተሩ የተመዘነውን እርማት ሁሉ ወደ እርሱ ያስገቡ። ለሁለተኛ ሕትመት ሲሄዱ ማተሚያ ቤቱ አሮጌውን ፋይል አንሥቶ እንዳያትም፣ የታረመውን ገጽ በገጽ ራስዎ ያመሳክሩ፤ ይህን ለሌላ ሰው አይተዉ።

በእኔ ማረሚያ ቅጂ ላይ ከባዱ እርማት ያው ሠርጉ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ወዳለው ጥር 13 መለስኩት። ሕፃኑም ከታኅሣሥ ወደ ጥቅምት አጋማሽ መጣ፣ አውድማውም ቀረ፤ አራት ምዕራፎች እንደገና ተጻፉ። በጥቅምት ገብሱ ገና ቆሞ ነው፣ ሌሊቱም ውርጭ ይፈራበታል። አባትየው ምጡ በተያዘበት ሌሊት ማሳው ዳር ቆሞ ሰማዩ ጠርቶ ሲያይ፣ ደስ ሊለው ይሁን ሊፈራ ሳያውቅ፣ ከቤት የሚመጣውን እልልታ ይጠብቃል። ይህ ትዕይንት በመጀመሪያው መጽሐፍ አልነበረም።

ሁለተኛው ሕትመት ሲወጣ አንዱን ለመምህሩ አደረስኩ። ከመስጠቴ በፊት ገጽ 190 እና 191 መቆረጣቸውን አረጋግጬ ነበር።