የሰፈራችሁን ባለሙያ እናት በስልክ ቅረጹ

ስለ ጎንደር ፊልም እንሥራ ሲባል ካሜራው ቀጥ ብሎ ፋሲል ግቢ ይገባል። ግቢው እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል፣ ጠባቂ አለው። ጀበና የምትሠራዋ፣ መሶብ የምትሰፋዋ፣ ጥጥ የምትፈትለዋ ግን ማን መዘገባት? ስለዚህ ከእሷ ጀምሩ። ስልክ ይበቃል።

መጀመሪያ ለመቅረጽ ሳይሆን ለመተዋወቅ ሂዱ። ቡና ጠጡ፣ ፊልሙን ማን እንደሚያየውና የት እንደሚለቀቅ ለእማማ በግልጽ ንገሯቸው። ሸክላ ሠሪ ከሆኑ ይሄን በፍጹም እንዳትዘሉት። ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን እናቶች «ቡዳ» እየተባሉ፣ ያን ሁሉ ስድብ ችለው ነው ሙያውን ያቆዩት፤ አብዛኞቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል፣ እዚያው ወለቃ ዛሬም የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ስድቡም ገና ጨርሶ አልጠፋም። ፊቴ አይታይ ካሉ እጃቸውን ብቻ ቅረጹ።

ሥራውን ከአፈሩ እስከ እሳቱ ተከተሉት። ጀበና በአንድ ቀን አያልቅም፤ ጭቃው ይቦካል፣ በእጅ ይሠራል፣ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይቃጠላል፤ የሚቃጠልበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጆሮው ሲለጠፍ ቅረቡ፦ አውራ ጣታቸውን ውኃ ነክረው መጋጠሚያውን ሲያብሱት ተመልካች ሙያው የቱ ጋ እንዳለ ያያል። ስፌት ከሆነ ደግሞ መሶብ የሚሰፋበት ሣር፣ ስንደዶ፣ የሚነቀለው በመስከረም ሰሞን ነው፤ ጥር ላይ ሄዳችሁ «ሲነቀል አሳዩን» ብትሉ የለም።

ስልኩን አግድም፣ በሁለት እጅ ያዙ። ዙም አታድርጉ፣ በእግራችሁ ቅረቡ። ግቢውን በሙሉ፣ ከወገብ በላይ፣ ከዚያ እጅ ብቻ፤ እያንዳንዱን ቢያንስ 10 ሰከንድ ሳትነቃነቁ። ቤቱ ከጨለመ በር አጠገብ አስቀምጧቸው።

ብዙ ፊልም የሚበላሸው በድምፅ ነው። ሌላ ስልክ አጠገባቸው አድርጋችሁ ድምፁን ለብቻ ቅዱ፣ ጥሪ እንዳይገባ ኔትወርኩን አጥፉ። ማይክ ነጠላ ላይ አታስሩ፣ ጨርቁ ሲፋተግ ሁሉንም ይሸፍነዋል።

«ሙያው ደስ ይላል?» ብላችሁ ብትጠይቁ «አዎ ልጄ» ነው የምታገኙት። «ከማን ተማሩት?» «ሊሰነጠቅ ሲል በምን ያውቁታል?» በሏቸው። መልሰው ዝም ሲሉ ቶሎ አትግቡ፣ ትንሽ ጠብቁ፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ፊልሙን ቆርጣችሁ ቀጥላችሁ ስትጨርሱ መጀመሪያ የሚያዩት እሳቸው ይሁኑ። ይውጣ ያሉት ይውጣ። ከፈቀዱ ሙሉ ስማቸው ከእናንተ ስም በፊት ይጻፍ። ከዚያ ፕሮጀክተር ተውሳችሁ፣ አንሶላ ወጥራችሁ ለሰፈሩ አሳዩ፣ መብራት ይጠፋልና ፕሮጀክተሩን የሚያሠራ ባትሪ ያዙ። ገንዘብ ካስገኘም ድርሻቸውን ስጡ። ያልተቆረጠውን ቀረጻ በሙሉ በፍላሽ ገልብጣችሁ ለልጃቸው አስረክቡ፤ ስልክ ይጠፋል።