የባንዳኒ ኩርታ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

የህንድ ባንዳኒ ኩርታ፣ ማለትም በክር ታስሮ ከተነከረ ባለነጠብጣብ ጨርቅ የተሰፋ ረጅም ሸሚዝ፣ ለሥራም ለመዝናናትም ይሆናል። ጣጣው የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ልብስ ማጠቢያው ጋ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መለየት አለበት፦ ልብሱ በእጅ ታስሮ የተነከረ ነው ወይስ የታተመ? ይህ ካልታወቀ መፍትሄውም ይሳሳታል።

ነጠብጣቦቹ ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ውስጡ ደግሞ ደብዝዟል

የታተመ ነው። እውነተኛው ባንዳኒ በጉጃራትና በራጃስታን፣ እንደ ጃምናጋር፣ ቡጅና ጃይፑር ባሉ ከተሞችና በዙሪያቸው ይሠራል። ሠራተኞቹ ጨርቁን በረጅም ጥፍር ወይም ሹል ጫፍ ባለው ቀለበት ቆንጠር ያደርጉና በክር ጥብቅ አድርገው ይጠመጥሙታል። ከዚያ ይነከራል። ክሩ የያዘው ቦታ ቀለም አይገባውም። ብዙ ቀለም ካለው ከፈዛዛው ይጀመራል፦ ቢጫው ይቀድማል፣ እንደገና ታስሮ ቀዩ ይከተላል፣ ጥቁሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በእጅ ስለታሰረ አንዱ ነጥብ ሰፋ፣ ሌላው ጠመም ይላል። ብዙዎቹ መሃላቸው ላይ ትንሽ የቀለም ጠብታ አላቸው።

እዚያ አገር ሻጮች ጨርቁን ከነእስሩ አስቀምጠው ገዢው ፊት ሳብ አድርገው ይፈቱታል። የተሰፋ ኩርታ ላይ ይህ አይሆንም፤ ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። የታተመ መግዛት ነውር የለውም። ለመታጠብም ይቀላል። በእጅ ሥራ ዋጋ ከተጠየቃችሁ ግን ተዉት።

ቀለም ይለቃል

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ተርፎ ጨርቁ ላይ የቀረ ቀለም ነው፤ እሱ ታጥቦ ያልቃል። ሁለተኛው ከመጀመሪያውም በደንብ ያልያዘ ቀለም ነው፤ እሱ አያልቅም። ለመለየት ነጭ ጨርቅ አርጥቡና በውስጥ በኩል ጠርዙን እሹት። ቀለም ከወጣ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ቶሎ ቶሎ እጠቡት። ውሃው በየጊዜው እየጠራ ከሄደ እፎይ በሉ። ካልጠራ ከስር ጥቁር ነገር ልበሱ፣ ነጭ ቦርሳም አትያዙበት። ነጠላ አብራችሁ ከደረባችሁማ ነጠላውን ተሰናበቱት።

ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ያስይዛል የሚባለውን ሁሉም ሰው ሰምቷል። ጥጥ ላይ ብዙም ተስፋ አታድርጉበት።

ነጩ ነጥብ ሮዝ ሆነ

ልብሱ ተዘፍዝፎ አድሯል፣ ወይም እርጥቡን ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሳይደርቅ ከደረሳችሁበት በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፣ ወዲያውም ጥላ ውስጥ ዘርግታችሁ ስቀሉት። ከደረቀ በኋላ ማስለቀቅ ይከብዳል። በረኪና እንዳትሞክሩ! ከሮዙ ጋር ዋናውን ቀለምም ይበላዋል።

ሽብሽቡ ጠፋ፣ ልብሱም ሰፋ

ያ ጉብ ጉብ ያለው ሽብሽብ የእስሩ አሻራ ነው። ጥጥ ሲታጠብ ይለሰልሳል፣ ካውያ ደግሞ ጭራሽ ይደፈጥጠዋል። ሽብሽቡ ሲዘረጋ ጨርቁም አብሮ ስለሚዘረጋ፣ ሲገዛ ልክክ ያለው ኩርታ በኋላ ይላላል። ስለዚህ ልብስ ሰፊ ጋ የምትወስዱት አንዴ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ይሁን። ጥጡን እርጥብ እንዳለ ሳትጨክኑ እንደ ገመድ ጠምዝዛችሁ ብታደርቁት ጥቂት ሽብሽብ ይይዛል። የመጀመሪያው ግን አይመለስም። ሐር ከሆነ አትጠምዝዙት፤ ላውንደሪ ይሂድ። የግድ መተኮስ ካለበት ገልብጣችሁ፣ በዝቅተኛ ሙቀት።

«ሰርግ አለብሽ እንዴ?» ይባላል

ቀይ የሐር ባንዳኒ ከወርቃማ ጥልፍ ጋር በምዕራብ ህንድ የሰርግና የበዓል ልብስ ነው፤ ጠያቂው አልተሳሳተም። ለአዘቦት ቀን ጥጡን ምረጡ፦ ሰማያዊ፣ ሰናፍጭ ቢጫ፣ ጥቁር አረንጓዴ። ኩርታው ራሱ ብዙ ስለሚያወራ ሌላው ዝም ይበል። ነጭ ወይም ጥቁር ሱሪ በቂ ነው። ጂንስም ይሄዳል፤ የህንድ ከተማ ወጣቶች ኩርታን በጂንስ መልበስ ከጀመሩ ቆይተዋል። ከሙሉ ልብስ ጋር የሚመጣውን ረጅም ሻርፕ ቤት ተዉት። ጌጥ ካስፈለገ ጆሮ ጌጡ ወይም የአንገቱ፣ አንዱ ብቻ። ነጥብ ከበዛባችሁ የራጃስታኑን ለሄሪያ ሞክሩ፤ እሱ በሰያፍ የሚወርድ የሞገድ መስመር ነው፣ ለቢሮ ረጋ ይላል።

ያሳያል

ስስ ጥጥ ወይም ሽፎን ነው። ገበር ይግባለት።

ስትቀመጡ ዳሌ ላይ ይይዛል

የጎኑ ቅድ ዝቅ ብሎ ነው የጀመረው። ልብስ ሰፊ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወደ ላይ ይክፈተው፣ ጫፉንም ደጋግሞ ይስፋው። አለበለዚያ ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ ስትቀመጡ ከዚያው ይቀደዳል።