«ቢኮዝ» ብለን ስንጀምር፦ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ጎዶሎ ዓረፍተ ነገርን መለየትና ማረም

የእንግሊዝኛ መምህራችሁ በመለሰላችሁ ወረቀት ዳር ላይ «ፍራግ» የሚል ምልክት ካያችሁ «ፍራግመንት» ለማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ነጥብ አድርጋችኋል። ቃላቱ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፣ አጻጻፋቸውም እንዲሁ፤ የጎደለው ሌላ ነው። ይህን ስህተት የሚሠራው እንግሊዝኛው ደካማ የሆነ ሰው ብቻ አይደለም። አማርኛ አሳምሮ የሚጽፍ ሰውም ይሠራዋል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ቋንቋዎች ዓረፍተ ነገር የሚዘጉበት መንገድ አይገናኝም።

በአማርኛ ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን የምናውቀው መጨረሻውን አይተን ነው። ማሰሪያ አንቀጹ መጣ? እንግዲያው አራት ነጥብ። ባለቤቱም ቢሆን ግሡ ውስጥ ስላለ «መጣች» ብቻውን ሙሉ ነው። እንግሊዝኛ ግን ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ባለቤቱ ራሱን ችሎ መጻፍ አለበት፣ ጊዜን የሚያሳይ ግሥ መኖር አለበት፣ ከፊት ደግሞ ሁሉን ነገር ጥገኛ የሚያደርግ ቃል ብቻውን ቆሞ መቅረት የለበትም። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚያደናቅፈን የመጨረሻው ነው፤ ዓይናችን የለመደው መጨረሻውን ማየት እንጂ መጀመሪያውን አይደለምና። (ከዚህ በታች የእንግሊዝኛውን ምሳሌ ሁሉ በራሳችን ፊደል ጽፈነዋል። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ጉድለቱ ከዓይን ይልቅ በጆሮ ቶሎ ይያዛል።)

ከሁሉ የሚበዛው የ«ቢኮዝ» ጣጣ ነው። ለልጅ ትምህርት ቤት ወይም ለሥራ አለቃ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦ «አይ ዎዝ አብሰንት የስተርዴይ. ቢኮዝ ማይ ሰን ዎዝ ሲክ.» የመጀመሪያው ሙሉ ነው፤ ሁለተኛው ጎዶሎ ነው። በአማርኛ «ትናንት ቀርቼ ነበር። ምክንያቱም ልጄ ታሞ ነበር።» ብንል ምንም ስህተት ስለሌለው ያንኑ ቅርጽ ይዘን እንሻገራለን። ችግሩ «ቢኮዝ» የሚሠራው እንደ «ምክንያቱም» አለመሆኑ ነው። የሚሠራው ግሥ ላይ እንደሚጣበቀው «ስለ» ነው፦ «ልጄ ስለታመመ»። እዚህ ላይ አራት ነጥብ የሚያደርግ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ሁሉም «ስለታመመ ምን ሆነ?» ብሎ ይጠብቃል። እንግሊዝኛ አንባቢም «ቢኮዝ» ሲያይ የሚጠብቀው እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ «ቢኮዝ»ን በልባችሁ «ስለ» እያላችሁ አንብቡት። «ዌን»ን «ስ…» (ስደርስ)፣ «ኢፍ»ን «ከ…» (ከመጣ)፣ «አንቲል»ን «እስክ…»፣ «ቢፎር»ን «ከመ… በፊት»፣ «ኦልዞ»ን «ብ…ም» (ባመለክትም) አድርጉት። አማርኛው ካልተዘጋ እንግሊዝኛውም አልተዘጋም።

ማረሚያው ቀላል ነው። ነጥቡን አንሥታችሁ ሁለቱን ታያይዛላችሁ፦ «አይ ዎዝ አብሰንት የስተርዴይ ቢኮዝ ማይ ሰን ዎዝ ሲክ.» ምክንያቱን ማስቀደም ከፈለጋችሁ «ቢኮዝ ማይ ሰን ዎዝ ሲክ, አይ ዎዝ አብሰንት የስተርዴይ.» ይሆናል። ጥገኛው ሲቀድም መሐል ላይ ኮማ ይገባል፤ ሲከተል አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። «በቢኮዝ ዓረፍተ ነገር አይጀመርም» የተባላችሁ ካላችሁ ደንቡ ግማሽ እውነት ነው፦ መጀመር ይቻላል፣ ዋናው ሐሳብ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ እስከተከተለ ድረስ።

«ኦልዞ» ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። «ምንም እንኳ ቀደም ብዬ ባመለክትም፣ ግን መልስ አላገኘሁም» ማለት ስለለመድን «ኦልዞ አይ አፕላይድ ኧርሊ. በት አይ ዲድ ኖት ጌት አን አንሰር.» ብለን እንጽፋለን። ነጥቡን አንሥቶ ኮማ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። እንግሊዝኛ «ኦልዞ»ንና «በት»ን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብሮ አይቀበልም፤ አንዱ መውጣት አለበት።

ባለቤት የሚጎድልበት ጽሑፍም ብዙ ነው። «ካልድ ዘ ኦፊስ ቱዋይስ.» ማለት ለእኛ «ቢሮውን ሁለት ጊዜ ደወልኩ» ነው፤ «…ኩ» ማን እንደደወለ ተናግራለች። እንግሊዝኛው ግሥ ግን አይ፣ ሺ ወይም ዜይ መሆኑን አያሳይም። በደብዳቤ ይህ የሰዋስው ነገር ይመስላል፤ በአደጋ ሪፖርት ወይም በጥገኝነት ማመልከቻ መግለጫ ላይ ሲሆን ግን ድርጊቱን የፈጸመው ሰው ከወረቀቱ ላይ ጠፋ ማለት ነው። አንባቢው በግምት ከሞላው ደግሞ ኋላ በቃል ከምትናገሩት ጋር ላይገጥም ይችላል። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ በየግሡ ፊት ባለቤቱን አንድ በአንድ ፈትሹ፤ ሳትፈርሙ በፊት የሚያነብላችሁ የሕግ ባለሙያ ወይም አስተርጓሚ ካለም አሳዩ።

የአየር ጠባይ፣ ሰዓትና ርቀት ስንጽፍ ደግሞ ባለቤት ያለ አይመስለንም። «ይበርዳል» እንላለን፤ ማን? ማንም። እንግሊዝኛ ግን ቦታው ባዶ እንዲቀር ስለማይፈቅድ «ኢዝ ቬሪ ኮልድ» ሳይሆን «ኢት ኢዝ ቬሪ ኮልድ» ነው። ይህ «ኢት» ወንበር ያዥ ነው እንጂ የሚያመለክተው ነገር የለውም። «አለ» ለማለትም «ዜር ኢዝ» ያስፈልጋል፦ «ዜር ኢዝ ኤ ሊክ ኢን ማይ ኪችን.»

በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግሥ ብቻውን ግሥ አይባልም። «ማይ ብራዘር ዎርኪንግ ኢን ኤ ዌርሃውስ.» «ወንድሜ መጋዘን እየሠራ» ብሎ እንደማቆም ነው፤ «ነው» ቀርቷል። «ኢዝ ዎርኪንግ» ሲሆን ይሞላል። ሌላው መልኩ ከሙሉ ዓረፍተ ነገር ኋላ ተቆርጦ የሚቀረው ጭራ ነው፦ «አይ ሊቭድ ኢን ዱባይ ፎር ፋይቭ ይርስ. ዎርኪንግ አዝ ኤ ኩክ.» እዚህ ነጥቡን በኮማ መለወጥ ወይም «አይ ዎርክድ አዝ ኤ ኩክ.» ብሎ አዲስ ዓረፍተ ነገር መጀመር ነው። «ቱ» የሚቀድመው ግሥም (ለመጠየቅ፣ ለማሳደስ ስንል) እንዲሁ ብቻውን አይቆምም፤ ከፊቱ ካለው ጋር ይያያዛል።

ርዝመት አያታልላችሁ። «ዘ ሌተር ዊች አይ ሪሲቭድ ፍሮም ዩር ኦፊስ ላስት ዊክ.» ብዙ ቃል አለው፣ ውስጡም «ሪሲቭድ» የሚል ግሥ አለ፤ ነገር ግን ያ ግሥ የ«ዊች» ንብረት ነው። «ባለፈው ሳምንት ከቢሯችሁ የደረሰኝ ደብዳቤ።» ምን ሆነ ደብዳቤው? መልሱ «ሃዝ ዘ ሮንግ አድሬስ» ብሎ ሲከተል ያልቃል። በአንጻሩ «ሺ ሌፍት.» ሁለት ቃል ሆኖ ሙሉ ነው።

«ፎር ኢግዛምፕል» እና «ሳች አዝ» ከነጥብ በኋላ መጥተው የስም ዝርዝር ብቻ ሲያስከትሉም ጎዶሎ ነው፦ «አይ ኒድ ሰም ዶኩመንትስ. ፎር ኢግዛምፕል, ማይ ሊስ ኤንድ ማይ ፔይ ስተብስ.» ነጥቡን በኮማ ለውጡ። «ፎር ኢግዛምፕል»ን በአዲስ ዓረፍተ ነገር መጀመር ካሻችሁ ከኋላው ባለቤትና ግሥ ጨምሩ፦ «ፎር ኢግዛምፕል, አይ ኒድ ማይ ሊስ.» «ሳች አዝ» ግን ይህን ዕድል አይሰጥም፤ ሁልጊዜ ከፊቱ ጋር ይጣበቃል።

አሁን ለቤት አከራይ የተጻፈ አንድ መልእክት እንይ።

«ሄሎ. አም ዘ ቴናንት ኢን አፓርትመንት 12. ዘ ሂተር ኢን ዘ ቤድሩም ኖት ዎርኪንግ. ሲንስ ላስት ማንዴይ. ካልድ ዘ ኦፊስ ቱዋይስ. በት ኖ አንሰር. ቢኮዝ ዊ ሃቭ ኤ ስሞል ቤቢ. ፕሊስ ሴንድ ሰምዋን.»

«አም» ባለቤት የለውም። ማሞቂያው «ኢዝ» ጎድሎታል። «ሲንስ ላስት ማንዴይ» የጊዜ ሐረግ ብቻ ነው። «ካልድ» ማን እንደደወለ አይናገርም። «በት ኖ አንሰር» ግሥ የለውም። ከሁሉ የከፋው ግን «ቢኮዝ» የቆመበት ቦታ ነው፦ ከፊቱ ያለው «መልስ የለም» ስለሆነ፣ መልስ የጠፋው ሕፃን ስላለን ይመስላል። የመጨረሻው «ፕሊስ ሴንድ ሰምዋን» ባለቤት ባይታይበትም ሙሉ ነው፤ በትእዛዝና በልመና ላይ «ዩ» እንዳለ ይቆጠራል። በእንግሊዝኛ ባለቤት ሳይጻፍ ሙሉ የሚባለው ይህ ብቻ ነው ብላችሁ ብትይዙ ብዙም አትሳሳቱም። ሲታረም፦

«ሄሎ. አይ አም ዘ ቴናንት ኢን አፓርትመንት 12. ዘ ሂተር ኢን ዘ ቤድሩም ሃዝ ኖት ዎርክድ ሲንስ ላስት ማንዴይ. አይ ካልድ ዘ ኦፊስ ቱዋይስ, በት ኖ ዋን አንሰርድ. ፕሊስ ሴንድ ሰምዋን ቱዴይ ቢኮዝ ዊ ሃቭ ኤ ስሞል ቤቢ.»

ስምንት ነጥብ የነበረው አምስት ሆነ። «አጭር አጭር አድርጋችሁ ጻፉ» የሚለው ምክር መጥፎ ባይሆንም፣ ማሳጠር ማለት መቁረጥ የመሰለው ሰው የሚጽፈው የመጀመሪያውን ዓይነት ነው።

የራሳችሁን ጽሑፍ ስትፈትሹ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምራችሁ ወደ ላይ አንብቡ። ከላይ ወደ ታች ስታነቡ አእምሯችሁ የጎደለውን ከቀደመው ዓረፍተ ነገር ወስዶ ይሞላዋል፤ ከታች ስትጀምሩ የሚደገፍበት ያጣል። ከዚያ እያንዳንዱን «አይ ቢሊቭ ዛት» ከሚለው ኋላ አስገቡት። «አይ ቢሊቭ ዛት ሺ ሌፍት» ይሄዳል። «አይ ቢሊቭ ዛት ካልድ ዘ ኦፊስ» አይሄድም፣ ባለቤት የለም። «አይ ቢሊቭ ዛት ቢኮዝ ዊ ሃቭ ኤ ስሞል ቤቢ» ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህ ሙከራ ለጥያቄና ለትእዛዝ አይሠራም፤ ለሌላው ግን ከማናቸውም የሰዋስው ሠንጠረዥ ይልቅ ፈጣን ነው።

ጎዶሎን የፈራ ሰው ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፦ ሁሉን በኮማ ያያይዛል። «ማይ ሰን ዎዝ ሲክ, አይ ዎዝ አብሰንት.» ይህም ስህተት ነው፤ የእንግሊዝኛ ኮማ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ብቻውን አያስርም። ከኮማው በኋላ «ሶ»፣ «ኤንድ» ወይም «በት» ይግባ፣ አለዚያም ነጥብ ይሁን። «ሃውኤቨር» እና «ዜርፎር» ደግሞ የ«ቢኮዝ» ተቃራኒ ናቸው፦ ከነጥብ በኋላ ቢጀምሩ ያምርባቸዋል። «ኢት ዎዝ ሌት. ሃውኤቨር, አይ ዌይትድ.» ምንም አይጎድለውም።

ይህ ሁሉ የት ይቆጠራል? በአይልትስ (ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) የጽሑፍ ክፍል በ60 ደቂቃ ሁለት ጽሑፍ ይጠየቃል፣ የመጀመሪያው ቢያንስ 150፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃል፤ ሰዋስው ከአራቱ እኩል መስፈርቶች አንዱ ነው፣ በነጥብ በነጥብ ዘርዝሮ መጻፍም ውጤት ይቀንሳል። ከ60ው ደቂቃ አምስቱን ለዚያ ከታች ወደ ላይ ንባብ አስቀሩ። በአሜሪካው ጂኢዲ (የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አቻ ፈተና) የቋንቋ ክፍል ለድርሰቱ 45 ደቂቃ ይሰጣል፤ ጎዶሎ ዓረፍተ ነገርን ማስወገድ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ቃለ መጠይቅ ግን በዚህ አያስጨንቃችሁ። የጽሕፈቱ ክፍል መኮንኑ የሚያነበውን መጻፍ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ ተሠርቶ ነው የሚመጣላችሁ፤ ከሦስት አንዱን በትክክል መጻፍ ይበቃል።

ኮምፒውተሩ ያግዛል እንጂ አይተካችሁም። ማይክሮሶፍት ወርድ የሰዋስው ጥርጣሬውን በሰማያዊ ድርብ መስመር ያሰምርበታል፤ አንዳንዱን ጎዶሎ ያልፈዋል፣ ርዕስንና ዝርዝርን ደግሞ በከንቱ ይከሳል። መስመሩን ስታዩ የቀረበላችሁን እርማት ከመጫናችሁ በፊት የ«አይ ቢሊቭ ዛት»ን ሙከራ አድርጉ።

ጎዶሎ የሚፈቀድበት ቦታም አለ። በስልክ መልእክት ማንም አይቆጥርም። የሐኪም ቤት ቅጽ ላይ ምን እንዳመማችሁ ሲጠየቅ «ቼስት ፔይን ሲንስ ማንዴይ» በቂ ነው፣ እንዲያውም ይመረጣል። በሲቪ ወይም ሬዙሜ ላይ «አይ» አይጻፍም፤ «ፕሪፔርድ ሚልስ ፎር 80 ጌስትስ» ብሎ በግሥ መጀመር የተለመደ ነው። ከሬዙሜው ጋር የሚላከው ከቨር ሌተር ግን ደብዳቤ ነው። የሬዙሜውን መስመሮች ቀድተው እዚያ ለጥፈው የሚልኩ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ መስመር «አይ» ሳይጨመርበት ከገባ ከላይ እስከ ታች በጎዶሎ የተሞላ ደብዳቤ ይሆናል።