600ን ለ2 ማካፈል ያቃተው ኢሙ8086

ደሴ ፒያሳ ላይ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለችኝ። ቅዳሜ ሲሆን ኮምቦልቻ የሚማሩ ልጆች የሐረጎን ዳገት ወጥተው፣ ላፕቶፓቸውን አቅፈው ይመጣሉ። «ጋሼ፣ ኢሙ8086 ተበላሸብኝ፤ አጥፍተህ ጫንልኝ።»

ኢሙ8086 የ8086 ፕሮሰሰርን ሥራ አስመስሎ የሚያሳይ፣ አሴምብሊ የሚባለውን የኮድ ቋንቋ የሚለማመዱበት ፕሮግራም (ኢሙሌተር) ነው። አብሽር፣ አልተበላሸም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጭኜዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ያው ኤረር ጠበቀኝ።

መጀመሪያ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ኤረሩ የመጣው ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም ነው ወይስ መሥራት ከጀመረ በኋላ?

ሲተረጎም ከሆነ ቀላል ነው፤ የመስመሩን ቁጥር ይነግራችኋል። አሥር ኤረር ቢደረደርም የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክሉና እንደገና ሞክሩ። አንድ የተሳሳተ ስም ብዙ ኤረር ይወልዳል። አብዛኛውን ጊዜ የማየው የመጠን አለመመጣጠን ነው። ፕሮሰሰሩ ቁጥር ይዞ የሚሠራባቸው ትንንሽ ቦታዎች ሬጅስተር ይባላሉ፤ ኤኤክስ የሚባለው 16 ቢት ነው፣ ቢኤል 8 ቢት። ቁጥር የሚቀዳው ትእዛዝ ሙቭ ሁለቱን አንድ ላይ አይቀበልም፤ ትንሹን ወደ ትልቁ ቢሆንም እንኳ። ኤኤልና ኤኤች የኤኤክስ ታችኛውና ላይኛው ግማሽ ናቸው፤ ቢኤልን ወደ ኤኤል ውሰዱና ኤኤች ላይ ዜሮ አስገቡ። ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ በቀጥታ ሙቭ ማድረግም አይቻልም፤ በሬጅስተር በኩል ይለፍ። ዳታው ሜሞሪ ላይ የት እንዳለ የሚያመለክተው ሬጅስተር ዲኤስ ውስጥም ቁጥር በቀጥታ አይገባም፤ መጀመሪያ ኤኤክስ ውስጥ አስቀምጡት። በፊደል የሚጀምር የሄክስ (በ16 መሠረት የሚጻፍ) ቁጥር ደግሞ ከፊቱ ዜሮ ይፈልጋል፤ አለዚያ ስም ይመስለዋል።

የሚያስለቅሰው ሁለተኛው ዓይነት ነው። አንድ ማታ 600ን ለ2 አካፈልኩ። «የማካፈል ስህተት» አለኝ። እኔ ደግሞ ማካፈል የሚሳሳተው በዜሮ ሲሆን ብቻ ነው ብዬ ዜሮ ስፈልግ አደርኩ። ዜሮ የለም! ቢኤል ላይ ቁልጭ ያለ 2 አለ።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። የማካፈያውን ትእዛዝ ዲቭን በ8 ቢት ሬጅስተር ካዘዛችሁት ውጤቱን ኤኤል ውስጥ ያስቀምጣል። ኤኤል ከ255 በላይ አይዝም፤ 300 አይገባለትም። በ1978 የወጣው 8086 ደግሞ በዜሮ ማካፈልንም፣ ውጤት ሞልቶ መፍሰስንም በአንድ ኢንተራፕት (ሥራ አቋርጦ በሚያስነሳ ጥሪ) ነው የሚጮኸው፤ ቁጥር 0። ኢሙሌተሩ ያንን ጠባይ እንዳለ ይደግመዋል። መፍትሔው 2ን 16 ቢት በሆነው ቢኤክስ ውስጥ አስገብቶ በቢኤክስ ማካፈል ነው፤ ያኔ 300 ኤኤክስ ላይ ተመቻችቶ ይቀመጣል። ከማካፈሉ በፊት ግን ዲኤክስ የሚባለውን ሬጅስተር ዜሮ አድርጉት። በ16 ቢት ሲካፈል ተካፋዩ ዲኤክስና ኤኤክስ አንድ ላይ ናቸው። እዚያ የቀረ ትራፊ ካለ ወይ ያው ኤረር ይመለሳል፣ ወይ መልሱ ይዛባል።

የማይታወቅ ትእዛዝ የሚል ከመጣ ደግሞ ፕሮግራሙ የቆመበትን መስመር አትመኑ። ፕሮሰሰሩ ኮዳችሁ የት እንደሚያልቅ አያውቅም። ካላስቆማችሁት ቀጥሎ ያለውን ዳታ እንደ ትእዛዝ ያነበዋል። መጨረሻው ላይ ኤኤች ውስጥ 4ሲ ሄክስ አስገብታችሁ ኢንተራፕት 21 ሄክስን ጥሩ፤ ፕሮግራሙ እዚያ ያበቃል።

ዱካው የጠፋው የት እንደሆነ ለማየት ሲንግል ስቴፕ የሚለውን እየተጫናችሁ አንድ አንድ መስመር ሂዱ። ዓይናችሁ ከሬጅስተሮቹ አይነሳ። ካለፋችሁት ስቴፕ ባክ አለ። ይሄን በተን ማንም አይነካውም፤ እኔ ግን ከሁሉም እሱን እወደዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ተማሪ ጋር እንዲህ ወደ ኋላ እየተመለስን ቆጠርን። ፕሮሲጀሯ (ተጠርቶ ሠርቶ የሚመለስ የኮድ ክፍል) ውስጥ፣ ቁጥር ስታክ በሚባለው የሜሞሪ ቁልል ላይ የሚጭነው ፑሽ አራት፣ የሚያወርደው ፖፕ ሦስት። የመመለሻው ትእዛዝ ሬት ስታክ ላይ የቀረውን ቁጥር የመመለሻ አድራሻ አድርጎት ሄዷል። አንድ ፖፕ ጨመረች፣ ሠራ። «ስንት ልክፈል?» ብትለኝ ምኑን ጠግኜ? ሻይ ጋብዣት ሄደች።