የመጀመሪያውን ግማሽ ማራቶን እንዴት መሮጥ ይቻላል

ግማሽ ማራቶን 21.0975 ኪሎ ሜትር ነው። ጀማሪን የሚጥለው ግን ከርቀቱ ይልቅ ችኮላው ነው። በልምምድ ወቅት የሚጎዳው ሰው ብዙውን ጊዜ በየቀኑ ከአቅሙ በላይ የሚፈጥነው ነው፤ በውድድሩ ቀን 15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሚዝለውም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች በሕዝቡ ግርግር ተነድቶ የበረረው ነው።

1. ከየት ይነሳሉ

ከታች ያለው የ12 ሳምንት ልምምድ 5 ኪሎ ሜትር ሳያቆም መሮጥ ለሚችል ሰው ነው። እዚያ ካልደረሱ 2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ ለ30 ደቂቃ ይጀምሩና የሩጫውን ድርሻ በየሳምንቱ ያሳድጉ፤ አንድ ሁለት ወር ይፈጃል። የልብ ሕመም፣ የደረት ውጋት ወይም ራስን የመሳት ችግር ያለበት ሰው ግን በቅድሚያ ሐኪም ያማክር።

2. ጫማ

በረጅም ሩጫ እግር ያብጣል። ስለዚህ በረጅሙ ጣትና በጫማው ጫፍ መካከል የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር፤ ጠባብ ጫማ ጥፍር ያጠቁራል፣ ኋላም ይነቅላል። ጫማውን የሚለኩት እግር ጠዋት ከነበረበት ጠብደል በሚልበት ከሰዓት በኋላ፣ በሚሮጡበት ካልሲ ይሁን። ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከሮጡበት በኋላ የታችኛው ጎማ ባይበላም መሃል ያለው ስፖንጅ ሟሽሾ እግር መሬት ሲመታ የሚፈጠረውን ምት ወደ ጉልበት ማሳለፍ ሊጀምር ይችላል። ለውድድሩ አዲስ ጫማ ካሰቡ ቢያንስ አንድ ረጅም ሩጫ ይሩጡበት። ጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቆይ ውሃ ያስቋጥራል።

3. የሳምንቱ ልምምድ

በሳምንት አራት ቀን ይበቃል፦ ሁለት ቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ቀላል ሩጫ፣ አንድ ቀን ጠንከር ያለ፣ አንድ ቀን ረጅም። ጊዜ የሌለው ሰው ከቀላሎቹ አንዱን ይተው፤ ረጅሙን ግን አይተው።

ቀላል ሩጫ ማለት በእርግጥ ቀላል ማለት ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየሮጡ ስልክ ቁጥርዎን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፅዎን አውጥተው ይናገሩ። መሃል ላይ ትንፋሽ ካቋረጠዎት ፈጥነዋልና ቀነስ ያድርጉ፤ ዳገት ላይ ከሆነም ይራመዱ። ልብና ትንፋሽ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሹ የተስተካከለለት ጀማሪ አራተኛ አምስተኛው ሳምንት ላይ «አሁንማ ቻልኩ» ብሎ ሲፈጥን ቅልጥሙን የሚያመው ለዚህ ነው።

የረጅሙ ሩጫ ኪሎ ሜትር በየሳምንቱ እንዲህ ይሄዳል፦ 8፣ 9፣ 10፣ 8፤ 11፣ 13፣ 14፣ 11፤ 16፣ 18፣ 13፣ በ12ኛው ውድድሩ። በየአራት ሳምንቱ የሚወርደው ቁጥር ሰውነት የሚጠገንበት ነውና «ደህና ነኝ» ብለው አይዝለሉት። በልምምድ 21 መሙላት አያስፈልግም፤ 18 የሮጠ ሰው አርፎ ሲመጣ ቀሪውን ሦስት ይጨርሳል። 21ን አስቀድሞ የሮጠ ግን ድካሙን ይዞ መነሻው ላይ ሊቆም ይችላል።

ጠንካራው ቀን ከ5ኛው ሳምንት ይጀምራል፦ 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ ከዚያ ሦስት አራት ቃል ብቻ መናገር በሚያስችል ፍጥነት 8 ደቂቃ ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ 2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ መጨረሻ ላይ 10 ደቂቃ ቀላል። ከዚህ የበለጠ የፍጥነት ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፉ ጉዳት ነው። ይልቅ በሳምንት ሁለት ቀን ደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣቶች ቆመው ተረከዝን 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር ወደ ላይ ማንሳትና በቀስታ ማውረድ ባትን ያጠነክራል።

4. ሕመም ሲመጣ

ሁለቱም እግር ላይ የተሰራጨና በሁለት ቀን የሚለቅ የጡንቻ መዛል የሚጠበቅ ነው። አጥንት ላይ በአንድ ጣት ተጭነው «እዚህ ነው» ብለው የሚያሳዩት፣ እየሮጡ የሚብስ ወይም የሚያስነክስ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ያቁሙ፣ ይመርመሩ። አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። የቀረ ልምምድ በሌላ ቀን አይካካስም። አንድ ሳምንት ካመለጠ የነበሩበትን ሳምንት ይድገሙት፤ ሦስት ሳምንት ካመለጠ ሌላ ውድድር ይፈልጉ።

5. ምግብና ውሃ

ከ75 ደቂቃ በላይ በሚሮጥ ሩጫ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። አንድ ጄል (ሯጮች እየሮጡ የሚወስዱት በትንሽ ከረጢት የታሸገ ዝልግልግ ጣፋጭ) ባብዛኛው ከ20 እስከ 25 ግራም ይይዛል። የመጀመሪያውን 40ኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ከዚያ በየ35 ደቂቃው በውሃ ይውሰዱ። ጄልን ከጣፋጭ የስፖርት መጠጥ ጋር ማወራረድ ስኳሩን አብዝቶ ሆድ ይረብሻል። ቢያንስ በሦስት ረጅም ሩጫዎች ላይ ይለማመዱት፤ ሆድም ልምምድ ይፈልጋል።

ውሃ ሲጠማዎት ይጠጡ። አለመጠጣት እንደሚጎዳ ሁሉ ያለ ጥማት አብዝቶ መጠጣትም የደምን ጨው አቅጥኖ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ሲብስም መደናገር ያመጣል። ከሩጫው በፊት የሕመም ማስታገሻ መዋጥም ለኩላሊት አደገኛ ሊሆን ይችላል።

6. የውድድሩ ቀን ፍጥነት

በ9ኛው ሳምንት የ10 ኪሎ ሜትር ሰዓትዎን ይለኩና በ2.2 ያባዙት። 60 ደቂቃ ከሆነ 2 ሰዓት ከ12 ይመጣል። የመጀመሪያዎ ስለሆነ 5 ደቂቃ ይጨምሩ፦ 2 ሰዓት ከ17፣ ማለትም በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች በ6:40 ይሂዱ፤ ሰው ሁሉ ሲያልፍዎት ዝም ይበሉ። እስከ 16 ድረስ 6:30ን ይያዙ። አቅም ከቀረ ከዚያ በኋላ ይፍጠኑ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የውድድሩ መንገድ የሚለካው ኩርባዎቹን ባጭሩ በሚቆርጥ መስመር ነው፤ ሰው ግን እየተጠማዘዘ ይሮጣል። ርቀት የሚለካ የእጅ ሰዓት ካሰሩ መጨረሻው ላይ 21.3 ኪሎ ሜትር ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ሰዓት ላይ በኪሎ ሜትር 6:30 እያዩ የሮጡ ሰው አንድ ደቂቃ ከምናምን ዘግይተው ይገባሉ። ስለዚህ በመንገዱ ዳር የተተከሉትን የኪሎ ሜትር ምልክቶች ይመኑ።

ከውድድሩ ሁለትና ሦስት ሰዓት በፊት በልምምድ የለመዱትን ቀለል ያለ ቁርስ ይብሉ። ብብት፣ የጭን ውስጥና የጡት ጫፍ ላይ ቫዝሊን ይቀቡ፤ ከሁለት ሰዓት ላብና ፍትጊያ በኋላ ሸሚዝ ቆዳ ይልጣል። አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ይድረሱ፤ የመጸዳጃው ሰልፍ ረጅም ነው።

ውሃ የሚታደልበት ቦታ ሲደርሱ የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ስለሚጋፉ ወደ ኋለኛው ይለፉ። ኩባያውን አፉ ላይ ቆንጠጥ አድርገው እንደ ማንቆርቆሪያ ጫፍ ያሹሉት፣ አሥር እርምጃ እየተራመዱ ይጠጡ። እየሮጡ የሚጠጡት አብዛኛው አፍንጫ ውስጥ ይገባል።

7. ከመጨረሻው መስመር በኋላ

ወዲያው አይቀመጡ፤ 10 ደቂቃ ይራመዱ፣ ደረቅ ልብስ ይልበሱ፣ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ የሚበላ ነገር ይቅመሱ። ጡንቻው አጥብቆ የሚያመው በማግስቱና በሳልስቱ ነው፤ ደረጃ ከመውጣት ይልቅ መውረዱ ይከብዳል፣ እጀታውን ይያዙ። ለአራት ቀን አይሩጡ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ሁለት ሳምንታት ስልክ ቁጥርዎን በሚያስቆጥርዎት ፍጥነት ብቻ።